ንጹሕ ሶል

ሥራዬ የወንበር እግር መቀጠል ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ይኼንኑ ነው፣ እጄም ሌላ ነገር አልለመደም። ቁም ሣጥን ሥራ ብትሉኝ እንጨቱን ሳገላብጥ ነው የምውለው። ወንበር አስረዝም ካላችሁኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ደንብ አጭር ነው። አንድ እርከን ያደገ ሠራተኛ ወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይልለታል። የማን ስንዝር የሚለው ነገር አንድ ዓመት ተኩል ሲያከራክር ቆይቶ በመጨረሻ የአናጢው ይሁን ተባለ። አናጢው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ከኔ ይልቅ እጄ ተከበረ። «እጅህ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፣ እኔ እንዴት እንዳደርኩ የሚጠይቀኝ የለም። ሲበርድ ጓንት ይሰጡኛል፣ ጣቴ ተኮማትሮ ስንዝሬ እንዳያጥርባቸው።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ክፉ ነው። ከወንበሩ የወረደ ሰው እንደገና የሚጀምረው ከመሬት ነው። ስለዚህ ማንም አይወርድም። የማስረዝመው ሰውየው እላዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በክሪክ አነሳና እግሩን እቀጥላለሁ፣ ሙጫ ቀብቼ በብሎን አስራለሁ፣ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ምግብ በቅርጫት ተጭኖ በገመድ ይሳባል። እንቅልፍም እዚያው ነው። ስለ ሽንት ቤት አትጠይቁኝ፤ ለሱም ባልዲ አለ፣ ደንብም አለ። እኔ ከሥር የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ባላነሳው ደስ ይለኛል።

ከሥር የሚሠራ ሰው ፊት አያይም፣ ሶል ነው የሚያየው። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ያሉት አርባ ሠራተኞችም የበላያቸውን የሚያውቁት በጫማው ሶል ነው። «የተሰነጠቀው ሶል ዛሬ ተቆጥቷል» ይላሉ። «ባለ ጎማው ሶል ደግ ሰው ነው» ይላሉ። መሬት ላይ የቀረነው እኔ፣ ጸሐፊዋና ሽማግሌው ተላላኪ ብቻ ነን። እኛ እርከን የለንም፣ ማታ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ታላቅ ወንድሜ ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት አዲስ ጫማ በእጁ ይዞ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ እዚያው ተቀምጦ አጠለቀው፤ ያኔ እንደወጣ ቀረ። አዳራሹ «ጨምርበት» የሚል ስም አወጣለት፣ ምክንያቱም ክሪኩን በለቀቅሁ ቁጥር «እስቲ ትንሽ ጨምርበት» ይለኛል። ለኔ ጋሼ ነው። በቀኝ ሶሉ ላይ ሱቁ የለጠፈው አርባ ሁለት ቁጥር የሚል ቢጫ ወረቀት እስካሁን አልተላጠም። ምኑ ይልጠዋል? ሶሉ መሬት ነክቶ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ከሱ ሶል የሚነጻ ሶል አልነበረም፣ በዚህም ይኮራ ነበር።

እናታችን የምትኖረው ምድር ቤት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው፣ ከኔ ጋር። ዕድሜዋን ሙሉ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ተንበርክካ ትጸልያለች። ጉልበቷ ሲከዳት ሁለታችን እንይዛት ጀመር፤ እኔ በግራ፣ ጋሼ በቀኝ፣ ቀስ አድርገን እናወርዳትና እኛም አጠገቧ እንንበረከካለን። እሷ ትላለች፣ እኛ እንከተላለን። የመጨረሻዋ ቃል ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «አንተ ያለህበት ይበቃኛል።» ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህች ላይ ሲደርስ ያስለዋል። እማዬ ገብቷታል፣ ግን አንድም ቀን አልተቆጣችውም።

በአንድ ሰው አይሆንም። ሞክረናል። እሱ ወንበር ላይ በወጣ በሳምንቱ ብቻዬን ይዤ ላውርዳት ብዬ ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። እሷ እስክታለቅስ ሳቀች፣ እኔ ግን ደነገጥኩ፣ ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጸለይ ጀመረች። አልጣማትም። «ተቀምጬ ስጸልይ ከጎረቤት ጋር የማወራ ይመስለኛል» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ ወደ ውጭ ጠራኝ። ደክሟል አለኝ፣ የምትፈልገውን አድርጉላት አለኝ። ገብቼ የምትፈልገውን ጠየቅኋት። ሌላ ሰው ቢሆን ለስላሳ ፍራሽ ይላል።

«መንበርከክ ነው የምፈልገው» አለች። «አንድ ጊዜ፣ ሁለታችሁ ይዛችሁኝ። ሲጠራኝ እታች ያግኘኝ።»

በማግሥቱ ከወንበሩ ሥር ቆሜ ለጋሼ ነገርኩት። መንገር ማለት መጮህ ነው፣ ያኔ ጭንቅላቱ ኮርኒሱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«አንድ እርከን ብቻ ነው የቀረኝ» አለኝ። ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎኛል። «ደግሞ እዚህ ላይ ለሰማይ ቅርብ ነኝ። እየጸለይኩላት ነው በላት።»

ሄጄ ነገርኳት። እማዬ አሰበችበት።

«እንግዲያው ቅርብ ከሆነ የጉልበቴን ነገር ያንሳልኝ» አለች።

እንዲህ ስንባባል ወራት አለፉ፣ እሷም ከሣች። ከዚያ ጋሼ ምክትል አለቃ ሆነ። ያ ከመጨረሻው እርከን በፊት ያለው ነው፣ ከሱ በላይ ዋናው አለቃ ብቻ አሉ። የዋናው አለቃ ወንበር ከጥንት ጀምሮ ኮርኒሱን አልፎ ወጥቷል፤ ከታች የሚታዩት አራት ረጃጅም እግሮች፣ የእግር ማሳረፊያዋ ሳንቃና ከሳንቃዋ ጫፍ ብቅ ያሉ ሁለት ቡናማ ሶሎች ናቸው። አርባ ሰው እነዚያን ሶሎች እያየ ነው የሚውለው። ሲያስነጥሱ እንኳ ወደዚያ ዞረው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔ ራሴ የሳቸውን ወንበር አሥራ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጌያለሁ፤ ምክትሉ ባደገ ቁጥር እሳቸውም ማደግ አለባቸዋ።

ለጋሼ ኮርኒሱን በመጋዝ ቆርጬ፣ ክሪኬን ደግኜ አንድ ስንዝር አነሳሁት። ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። «ጨምርበት» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለም። ብሎኑን አስሬ ጨረስኩ።

«ና እስቲ» አለኝ በስተመጨረሻ። ድምፁ የልጅነት ድምፁ ነበር። «መሰላል ይዘህ ና።»

ወጣሁ። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ ራሴን ከኮርኒሱ በላይ ሳወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የዋናው አለቃ ወንበር አጠገባችን ነበር። መቀመጫው ላይ ርግብ ጎጆ ሠርታለች። ቡናማዎቹ ጫማዎች ሳንቃዋ ላይ በሲባጎ ታስረዋል፣ ውስጣቸው እግር የለም። ካልሲ እንኳ የለም። ከወንበሩ ጀርባ ወደ ጣሪያው የምታወጣ ትንሽ መስኮት ተከፍታ ቀርታለች፣ አቧራው ደግሞ የዛሬና የትናንት አይደለም። ሰውየው ጫማቸውን ፈትተው፣ በባዶ እግራቸው፣ ማንም ሳያያቸው ሄደዋል። ማን እንዲያያቸው? ፊታቸውን የሚያውቅ የለ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አርባ ሰው ለጫማ ሲሰግድ ኖሯል። እኔስ? ያንን ወንበር ባነሳሁ ቁጥር ቀለል ሲለኝ «እጄ ተባርካለች» እያልኩ እኩራራ ነበር። ሰው የሌለበት ወንበር እንደሚቀል ማን ይስተዋል። የሚስተው እኔን የመሰለ የሠለጠነ አናጢ ብቻ ነው። አፈርኩ፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣብኝ፣ መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቅሁ።

«በል ጋሼ፣ አበቃ» አልኩት። «እንውረድና እናታችንን እናንበርክክ።»

አልሳቀም። ወንበሩን ትክ ብሎ እያየ ነው።

«ክፍት የሥራ ቦታ ነው ማለት ነው» አለ።

እዚያው ላይ ማመልከቻ ጻፈ። ለማን? ለዋናው አለቃ። የዋናውን አለቃ ቦታ እንዲሰጡት ዋናውን አለቃ ለመነ። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ አወረድኩላት። እሷም እንደ አሠራሯ ቅርጫት ውስጥ ጨምራ ወደ ቡናማዎቹ ሶሎች ሳበችው። ሦስት ቀን ይቆያል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከላይ ተቃውሞ ካልመጣ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ ማኅተም ይመታል። ከላይ ተቃውሞ መጥቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እሳቸው በጣም ሰፊ ልብ ነው ያላቸው» አለችኝ። «አንድም ቀን እምቢ ብለው አያውቁም።»

እውነቱን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ሴትዮዋ ያንን ገመድ ስትስብ ፀጉሯ ሸብቷል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ቀን ቅርጫቱን ይዤ ወደ ጋሼ ወጣሁ። እህል አልነካም። ዓይኑ ቀልቷል።

«የት የሄዱ ይመስልሃል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወደ ሰው ይሆናል።»

«ቆርቆሮው ይታይሃል? እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።» ዘርግቶ ነካው። «ከዚህ በላይ የለም። ሌሊት ለእማዬ ልጸልይ ብዬ አፌን ስከፍት ድምፄ ቆርቆሮውን ነክቶ ይመለሳል። የሚሰማኝ ራሴው ነኝ። ቀርቤዋለሁ ብዬ ነበርኮ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውረዳ።»

«ዘጠኝ ዓመት ነው» አለ። «ብወርድ ዘጠኙ ዓመት ምን ሊባል ነው?»

ተናድጄ ነበር የወጣሁት፣ ስወርድ ግን አዘንኩለት። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ ቤት ስደርስ እማዬን ወለሉ ላይ አገኘኋት። ከአልጋዋና ከግድግዳው መካከል በጎኗ ተጋድማ፣ አንድ እጇ አልጋው ላይ ቀርቶ።

«ወድቀሽ ነው?»

«አልወደቅሁም» አለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ልንበረከክ ስወርድ መንገድ ላይ ቀረሁ።»

«ለምን አትጠብቂንም፣ እማዬ?»

«ብጠብቅ ብጠብቅ ወንድምህ አልወርድ አለ። ቀድሜው ወርጄ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

አነሳኋት። በሽታ የጨረሰው ሰውነት ስለሆነ ከበደችኝ ማለት አልችልም፣ ቀለለችኝ፣ ያም ነው ያስለቀሰኝ። አስተኛኋት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ ጎረቤታችንን አጠገቧ አስቀመጥኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት ሄድኩና ከመሣሪያ ክፍሌ ትልቁን መጋዝ አንስቼ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። ሁሉም መጋዝ ሲያይ እግሩን ሰበሰበ። የጋሼ ወንበር ሥር ደርሼ የመጋዙን ጥርስ የወንበሩ እግር ላይ አሳረፍኩ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ ከኮርኒሱ በላይ።

«ሥራዬን ወደ ኋላ እየሠራሁት ነው። ስንዝር በስንዝር አወርድሃለሁ።» የሰማሁትን ነገርኩት፤ የትኛው ጎኗ ላይ እንደነበረች፣ እጇ የት እንደቀረ፣ ቀድሜው ወርጄ ልጠብቀው እንዳለች። አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ነው፣ ግድ አልሰጠኝም።

መጋዙን አንድ ጊዜ ሳብኩት።

«ተወው» አለ። «መሰላሉን አምጣልኝ። እኔው እወርዳለሁ።»

ሲወርድ አርባውም ዞረው አዩት። መጀመሪያ ሶሉ መጣ፣ አወቁት። ከዚያ ወገቡ መጣ። ፊቱ ሲመጣ ግን «ማነው ይሄ ሰውዬ?» ተባባሉ። አንዱ ብቻ ነገሩ ገብቶት «ወጣ ወጣና እንደ ሸንበቆ፣ ተንከባለለ እንደ ሙቀጫ» አለ፤ ተሳሳቁ። ጋሼ መሬት ላይ ቆሞ መሰላሉን እንደያዘ ቀረ። እግሩ ተልፈስፍሷል።

በክንዴ ደግፌ ወሰድኩት። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ የመንደራችን መንገድ ጭቃ ነው። በየሦስት እርምጃው እየቆመ መሬቱን ያያል። «ለካ ይለሰልሳል» ይለኛል። «ለካ ያዳልጣል» ይለኛል። ያቺ ቢጫ ወረቀት የት ላይ እንደቀረች ሁለታችንም አላየንም።

እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ጠበቀችን። ዘጠኝ ዓመት ያላየችውን ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። ይህን ያህል ዓመት የት ቆየህ ትለዋለች ብዬ ነበር።

«ከስተሃል» አለችው። «በሉ እንግዲህ፣ ጀንበሯ ሳትጠልቅ ያዙኝ።»

ጎረቤታችን በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። እኔ በግራ ገባሁ፣ ጋሼ በቀኝ። ገና «አንድ» ስንል የጋሼ ጉልበት ከዳው። ዘጠኝ ዓመት ተንጠልጥሎ የኖረ እግር ምን ጉልበት አለው? ተንገዳገደ፣ አልጋውን ያዘ፣ አለቀሰ።

«አልችልም» አለ። «ይኼንንም አልችልም።»

እማዬ ቆማ አየችው። ከዚያ እጇን ከኔ አላቅቃ በብብቱ ሥር አስገባችለት።

«ና አንተ፣ በዚያ በኩል ያዘው» አለችኝ። «መሐል ይሁን።»

እንዲህ ሆኖ እናንበርክክሽ ያልናት እናታችን እሱን አንበረከከችው። ሦስታችንም ተያይዘን ወረድን፣ ያለ ወግ፣ አንዱ ክንድ አልጋ ሲመታ አንዱ ጉልበት ሳንቃ ሲያንኳኳ። ግን ወረድን። እማዬ ፊቷ ላይ የሆነውን መናገር አልችልበትም። ደስ አላት በቃ። መጸለይ ጀመረች፤ ጋሼ ቃሉ ጠፍቶበት ነበርና አንድ አንድ እያለች ሰጠችው፣ እሱም እየተቀበለ አለ።

መሐል ላይ ሳንደርስ በሩ ተንኳኳና ሽማግሌው ተላላኪ ገባ። በሩ ከጀርባችን ነው። እማዬ እንኳን ለተላላኪ ለእሳትም ጸሎት አታቋርጥም።

«የምክትል አለቃው ቤት ይህ ነው?» አለ። «ወደ ቤት ወርደዋል ብለውኝ ነው፤ ያመለከቱት ሳይወርዱ ስለሆነ ደንቡ አይነካቸውም። ደብዳቤ አለኝ። ዋናው አለቃ ፈቅደውላቸዋል። ቦታቸውን ለሳቸው ለቀዋል። ጀንበር ሳትጠልቅ በእጃቸው ፈርመው ካልተቀበሉ ግን ለሚቀጥለው ይሰጣል።»

የጋሼ ክንድ ክንዴ ውስጥ ነበር። ሲጠነክር ተሰማኝ።

ተላላኪው ጋሼ ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፣ አንድም ቀን ፊቱን አይቶት አያውቅም። ሰው የሚያውቀው በሚያውቀው ነገር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከኋላችን የተዘረጉትን እግሮች ተራ በተራ ማየት ጀመረ። የኔን አየ፣ ሰጋቱራ የጠገበ ሶል ነው። የእማዬን አየ፣ ባዶ እግር ነው፣ የተሰነጣጠቀ። የመሐሉ ላይ ቆየ። ጭቃ ነው፣ ሣር ተለጥፎበታል።

«አይደለም» አለ ለራሱ። «ወረቀቱም የለ። የኛ ሰው ሶል ንጹሕ ነው።» ጋሼን ትከሻውን ነካ አደረገው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ምክትሉ የት እንዳሉ ታውቅ እንደሆነ?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። ያንን አፍ አውቀዋለሁ፤ «ጨምርበት» ሊል ሲል እንዲህ ነው የሚከፈተው። በዚህ ቅጽበት እማዬ መጨረሻዋ ላይ ደረሰች።

«አንተ ያለህበት ይበቃኛል» አለችና እንዲቀበላት ጠበቀች።

ተላላኪውም ይጠብቃል። እኔም ያስለዋል ብዬ ጠበቅሁ። የሽማግሌው እጅ ውስጥ ደብዳቤው ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«አንተ ያለህበት ይበቃኛል» አለ ጋሼ። አላሳለም።

«ጸሎት አቋረጥኩ መሰለኝ፣ ይቅርታ» አለ ተላላኪው። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ እርምጃው ጭቃው ላይ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ እንነሳ ብለን ሞከርን። እኔ እማዬን ላነሳ ስል ጋሼ ተደገፈብኝ፣ ጋሼን ላነሳ ስል እማዬ ተንሸራተተች። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሦስታችንም እዚያው ሳንቃው ላይ ተዘረፈጥን፤ ጋሼ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት።

«ቸኮላችሁ እንዴ?» አለች እማዬ።

አልቸኮልንም።